ደምዎና ስምዎ፦ በጂዛንና በድንበሩ ከተሞች ለሚኖሩ ወገኖች

ከጂዛን ወደብ እስከ ሳምጣና ጡዋል፣ ከአቡ አሪሽ እስከ ዳየር ተራሮች የሚኖረው ሐበሻ ሆስፒታልን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ነው። ለምርመራ ብሎ የሚሄደው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው የሚሄደው መኪና ሲገጨው፣ ምጥ ሲመጣ፣ ከግንባታ ላይ ሲወድቅ ነው። ድንበሩን በእግሩ ለሚሻገረው ደግሞ ከዚህም የከፋ አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን ጽፏል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። የቆሰለውም፣ የወለደችውም፣ የወደቀውም አልጋ ላይ ከደረሱ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ደም ነው።

ደም መስጠት ለረጅም ዘመን ዕጣ እንደመጣል ነበር። በለንደን ጄምስ ብለንደል የተባለ ሐኪም በ1818 እ.ኤ.አ. የሰው ደም ለሰው መስጠት ጀምሮ ነበር፤ ከታካሚዎቹ የዳነም የሞተም አለ፣ ለምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። መልሱ የመጣው ከቪየና ነው። ካርል ላንድስታይነር የራሱንና የሥራ ባልደረቦቹን ደም ወሰደ፤ ቀዩን ሴል ከፈሳሹ ለይቶ የአንዱን ሴል በሌላው ፈሳሽ ውስጥ እያንጠባጠበ ተመለከተ። አንዳንዱ ተቀላቅሎ ዝም አለ፣ አንዳንዱ ተጓጎለ። በ1901 እ.ኤ.አ. የሰው ደም ኤ፣ ቢ እና ዛሬ ኦ የምንለው ሦስት ዓይነት መሆኑን አሳተመ፤ አራተኛውን፣ ኤቢን፣ በማግሥቱ ዓመት ሁለት ተከታዮቹ አገኙት። በ1907 ኒውዮርክ ላይ ሩበን ኦተንበርግ ደም ከመሰጠቱ በፊት የሰጪውንና የተቀባዩን ናሙና አቀላቅሎ ማየት ጀመረ። ላንድስታይነር በ1930 ኖቤል ተሸለመ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ከአሌክሳንደር ዊነር ጋር አር ኤች የተባለውን አወጣ፤ ከደም ዓይነታችን ቀጥሎ የሚጻፈው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይኸው ነው።

እንግዲህ የደሙ ምስጢር ከተፈታ መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬ የማይስማማ ደም ለሰው የሚሰጠው ላቦራቶሪው ኤን ከቢ መለየት አቅቶት አይደለም። አብዛኛው ስህተት የስም ስህተት ነው፤ የአንዱ ናሙና በሌላው ስም ይጻፋል፣ ወይም ለአንዱ የመጣ ከረጢት በሌላው አልጋ ላይ ይሰቀላል። ሐበሻ ደግሞ ሳዑዲ ውስጥ ስሙ የሚምታታበት ሕዝብ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ሌላውን ቢረሱ ሦስተኛውን አይርሱ።

አንደኛ፦ ደህና ሳሉ ይመርመሩ

የደም ዓይነት ምርመራ ቀላል ነው። ላቦራቶሪ ያለው ሙስተውሰፍ (ክሊኒክ) ሁሉ ይሠራዋል፤ «ተሕሊል ፈሲለት ደም» ካሉ ይገባቸዋል። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የጤና ምርመራ ያደረገ ሰውም ያን ጊዜ ተመርምሯል፣ ወረቀቱን ብቻ ይፈልገው።

ባለሙያው ሲሠራ ቆመው ማየት ከቻሉ ይዩ። ነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት ቦታ ደምዎን ጠብ ጠብ ያደርጋል። በአንዱ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ይጨምራል፣ እሱ ኤን የሚፈልግ ነው፤ በሁለተኛው ላይ ቢጫውን፣ እሱ ቢን ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ላይ ቀለም የሌለውን፣ እሱ አር ኤችን ይፈልጋል። በእንጨት ቢጤ ያማስልና ሰሌዳውን ወዲህ ወዲያ ያወዛውዘዋል። የተፈለገው ነገር ካለ ደሙ እንደ ቀይ አሸዋ ፍርፍር ይላል፤ ከሌለ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። በሰማያዊውና በቢጫው ሁለቱም ለስላሳ ሆኖ በሦስተኛው ከተፈረፈረ ኦ ፖዘቲቭ ነዎት። ላንድስታይነር ቪየና ላይ ያየው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፦ ውጤቱን ያንብቡ

ወረቀቱ ላይ የላቲን ፊደልና የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ያገኛሉ። በአረብኛ ከተጻፈ «ሙጀብ» ፖዘቲቭ፣ «ሳሊብ» ኔጋቲቭ ነው። በኢትዮጵያም በጂዛንም በብዛት የሚገኘው ኦ ነው፤ ኔጋቲቭ የሆነ ሰው ግን በሁለቱም ቦታ ከአሥር አንድ አይሞላም። ምልክቱ መቀነስ ከሆነ አምስተኛውን ደረጃ ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

«ኦ ለሁሉም ይሰጣል» የሚለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የሚሠራው ለቀይ ሴል ብቻ ነው፣ ያውም ለኦ ኔጋቲቭ። ፈሳሹ ክፍል፣ ፕላዝማው፣ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ለሁሉም የሚሆነው የኤቢ ነው። ሐኪሞች ኦ ኔጋቲቭን ሳይመረምሩ የሚሰጡት በሽተኛው ደሙ አልቆ ሊሞት ሲል፣ ለመመርመር ደቂቃ ሲጠፋ ነው። ከዚያ ውጭ ኦ የሆነው ኦ፣ ቢ የሆነው ቢ ይሰጠዋል።

ሌላም የተሳሳተ ነገር አለ፤ የልጅና የወላጅ፣ የወንድምና የእኅት ደም አንድ ነው ይባላል። አይደለም። አባት ኤቢ፣ እናት ኦ ከሆኑ ልጆቻቸው እንደ ደንቡ ኤ ወይም ቢ ይሆናሉ፣ ወላጆቻቸውን የሚመስል አይገኝም። በዚህ የተነሳ ሚስቱን የጠረጠረ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ሒሳቡን ሳያውቅ ነው።

ሦስተኛ፦ አንድ ስም ይኑርዎት

ወደ ዓረብ አገር ስትመጣ ደላላ ስሟን የለወጠላት እኅት ቁጥሯ ቀላል አይደለም። አገር ቤት ዘነበች የነበረችው ፓስፖርት ላይ ዘይነብ ናት፤ ማዳሟ ደግሞ ሌላ ስም አውጥታላት ይሆናል። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ተብሎ ሲደረደር፣ እዚያ የመጨረሻው የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይያዛልና ነርሷ በአያትዎ ስም ልትጠራዎት ትችላለች። ሙሐመድ አሕመድ ዓሊ የተባሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ቢተኙ ደግሞ የሚገርም ነገር አይደለም። ስለዚህ፦

ሆስፒታል ውስጥ ስምዎ ፓስፖርቱ ወይም ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ላይ የተጻፈው ነው፤ የሚወዱት ባይሆንም እሱን ይሸምድዱ፣ የልደት ቀኑንም እንደተጻፈው። የመዝገብ ቁጥርዎን፣ «ረቀም አል-መለፍ» የሚሉትን፣ ከእጅ አምባሩ ላይ አይተው በቃልዎ ይያዙ። ስም ይመሳሰላል፣ የሙሐመድ አጻጻፍ በላቲን ብዙ ነው፤ ቁጥር ግን ከሌላ ሰው ጋር አይመሳሰልም።

ናሙና ሊወስዱ ሲመጡ ወይም ደም ይዘው ሲመጡ «አንተ እገሌ ነህ?» ብለው ከጠየቁ «አይዋ» ብለው አይለፉ። ቋንቋው ያልገባው ሰው ለሁሉም ጥያቄ አዎ ይላል፣ በትሕትናም ይሁን በፍርሃት። ይልቁንስ ራስዎ ይናገሩ፦ «ኢስሚ…» ብለው ሦስቱንም ስም፣ ቀጥለው ቁጥሩን። ደሙ የገባበት ብልቃጥ ላይ ስምዎ የሚጻፈው ወይም የሚለጠፈው እዚያው አልጋዎ አጠገብ፣ እርስዎ እያዩ መሆን አለበት። ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ይዞ ሄዶ ጠረጴዛ ላይ የሚጽፍ ሰው ካዩ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ ወደማያነሳው ነገር ልግባ። ወረቀት የሌለው ሰው ሲጨንቀው የጓደኛውን ኢቃማ ወይም የኢንሹራንስ ካርድ ይዞ ይታከማል። የሕጉን ነገር ለሌላ ጊዜ ልተወውና ስለ ደሙ ላውራ። ጓደኛዎ ኤ ፖዘቲቭ ናት እንበል፣ ይህም በመዝገቧ ሰፍሯል። እርስዎ ኦ ነዎት። በእሷ ካርድ ገብተው ናሙና ሲሰጡ ላቦራቶሪው የድሮውንና የአሁኑን ያስተያያል፣ አይገጥምም። ጠንቃቃ ላቦራቶሪ ናሙናውን ጥሎ እንደገና ያስቀዳል፤ ደምዎ እየፈሰሰ ሳለ ሰዓት ያልፋል። መዝገቡ ባዶ ከነበረ ደግሞ የእርስዎ ኦ በእሷ ስም ይመዘገባል፣ ጣጣው የሚወድቀው በሚቀጥለው ዓመት እሷ ስትወልድ ነው። አለርጂውም፣ የስኳሩም፣ የጉበቱም ውጤት እንዲሁ ይቀያየራል። ካርዱን አስቀድመው አሳይተው ከሆነና ደም ይሰጥዎታል ከተባለ፣ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ለሐኪሙ ለብቻው «ሃዲ ሙ ኢቃመቲ» ይበሉት። ይህ ካርድ የእኔ አይደለም ማለት ነው። ያስፈራል፤ በሌላ ሰው ስም የመጣ ደም ግን ከዚያ በላይ ያስፈራል።

ራሱን ስቶ የመጣ ሰው «መጅሁል» ተብሎ በጊዜያዊ ቁጥር ይመዘገባል። ያመጣችሁት ጓደኞች ስሙን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ደም እየተሰጠው ሳለ ግን አምባሩ ይቀየር ብላችሁ አትጨቃጨቁ። ናሙናውም ከረጢቱም የተያያዙት በዚያ ቁጥር ነው፣ ደሙ እስኪያልቅ ቁጥሩ ቢቆይ ይሻላል። የማታውቁትን ስም ደግሞ ገምታችሁ አትስጡ።

አራተኛ፦ ጽፈው ይያዙ

የደም ዓይነትዎን፣ የፓስፖርት ስምዎንና የአንድ ዘመድ ስልክ በአረብኛ አስጽፈው ከኢቃማው ጋር፣ ከስልክዎ መያዣ ጀርባም ያድርጉ። አምቡላንስ 997፣ የጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር 937 ነው፣ እነሱንም ይጻፉ። ሆስፒታሉ ወረቀትዎን አይቶ እንደገና ቢመረምርዎ ግን አይከፉ፤ በወረቀት ብቻ ደም የሚሰጥ ሆስፒታል ቢኖር እዚያ መታከም የለብዎትም። ወረቀቱ የሚጠቅመው ለጋሽ ቶሎ ለመፈለግና፣ የአዲሱ ምርመራ ውጤት ከድሮው ካልገጠመ ሰው እንዲነቃ ነው።

አምስተኛ፦ ኔጋቲቭ የሆነች ሴት

እናት አር ኤች ኔጋቲቭ፣ ፅንሱ ከአባቱ ወርሶ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ይገባል። ሰውነቷ እንግዳ ነገር መጣብኝ ብሎ ተዋጊ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው፤ የተዘጋጀው ተዋጊ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የልጁን ቀይ ሴል ያፈርሳል። ልጁ ቢጫ ሆኖ፣ ደም አንሶት ይወለዳል፣ አንዳንዴም ማህፀን ውስጥ ይሞታል። አገር ቤት «ልጅ አይበረክትላትም» ይባሉ ከነበሩት እናቶች መካከል ነገሩ ይኸው የሆነባቸው ሳይኖሩ አይቀሩም።

መድኃኒቱ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው፣ የልጁን ሴል የእናቲቱ ሰውነት ሳይነቃበት ያጠፋል። የሚሠራው ከደም ለጋሾች ፕላዝማ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. የሞተው አውስትራሊያዊ ጄምስ ሃሪሰን ከሺህ ጊዜ በላይ ለግሶ ከፕላዝማው ከሁለት ሚሊዮን በላይ መርፌ ተሠርቷል።

የሚያደርጉት ይህ ነው። እርግዝና እንዳወቁ የደም ዓይነትዎን ያስመርምሩ። ኔጋቲቭ ከሆኑ ባልየውም ይመርመር፤ እሱም ኔጋቲቭ ከሆነ ልጁም ኔጋቲቭ ስለሚሆን መርፌው አያስፈልግም። ፖዘቲቭ ከሆነ «ኩምብስ» የሚባለውን የደም ምርመራ ይጠይቁ፣ ተዋጊው ተፈጥሮ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው። ካልተፈጠረ መርፌውን በ28ኛው ሳምንት ገደማ አንዴ፣ ከወለዱም በኋላ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ሁለተኛ ይወስዳሉ። ፅንስ ሲወርድ፣ በእርግዝና ወቅት ደም ሲፈስ፣ ሆድ ላይ ሲወድቁ ወይም ሲመቱም እንደዚሁ ነው። ይህ የመጨረሻው ቸል ይባላል፤ ከደረጃ ወድቃ «ምንም አልሆንኩም» ብላ ሥራዋን የምትቀጥል ነፍሰ ጡር ስንት አለች።

ወረቀት ስለሌላት ተደብቃ ቤት ውስጥ የወለደችም አለች። ኔጋቲቭ መሆኗን የምታውቅ ከሆነ 72 ሰዓቱ አለፈ ብላ አትቅር፤ እስከ አሥር ቀን ድረስ ቢዘገይም ይጠቅማል። የመጀመሪያ ልጇ ደህና መሆኑ አያታልላት፣ መርፌው ለሚቀጥለው ልጅ ነው።

በዚሁ ላይ የጋብቻውን ነገር ልጨምር። ሳዑዲ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጋብቻ በፊት የምታስገድደው የደም ምርመራ የኤ እና የቢ ጉዳይ አይደለም፤ ከሚፈልጋቸው መካከል በዘር የሚወረሱት የደም በሽታዎች ሲክል ሴልና ታላሴሚያ ይገኙበታል። ጂዛን ሲክል ሴል ከሚበዛባቸው የሳዑዲ አውራጃዎች አንዷ ናት፣ በደጋው አገራችን ደግሞ እምብዛም አይታወቅም። ሁለት ተሸካሚዎች ከተጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ በሽታው ይዞት የመወለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ኦ እና ቢ ተጋቡ አልተጋቡ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም።

ስድስተኛ፦ «ለጋሽ አምጡ» ሲባሉ

የሲክል ሴል ሕሙማን ደጋግመው ደም ስለሚወስዱ የጂዛን የደም ባንኮች ሥራ አይፈቱም። ቀዶ ጥገና ለሚጠብቅ ሰው ዘመዶቹ ደም እንዲተኩ ቢጠየቅ አይደንግጡ። በዋትሳፕ ቡድንዎ ሲያውጁ የታማሚውን የመዝገብ ስም፣ ሆስፒታሉንና የደም ባንኩን ሰዓት ይጻፉ፤ «ደም ፈላጊ አለ» ብቻ ከሆነ ማንም አይመጣም። ለመተካት የሚሰጥ ሰው የግድ ተመሳሳይ ዓይነት መሆን የለበትም፣ የሰጠው ወደ ባንክ ገብቶ የሚስማማው ይወጣል።

የሚሄደው ሰው መታወቂያ ይያዝ፣ ዕድሜው ከ18 በላይ፣ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በላይ ይሁን። በልቶ፣ በተለይ በዚያ ሙቀት ብዙ ውሃ ጠጥቶ ይሂድ፤ በረመዳን ከሆነ ከኢፍጣር በኋላ። የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ወባ በቅርቡ የያዘው ወይም በየመን ቆላ አልፎ ገና የገባ ሰው ይመለሳል፣ ለእሱም ድካም ለእናንተም የጊዜ ብክነት ነውና አይላክ። ጂዛን ራሷም በወባ ትታወቅ ነበር።

«የወንድሜ ደም ይሻለኛል» የሚል ብዙ ነው። ነገሩ ግልባጩ ነው። የቅርብ ዘመድ ደም ውስጥ ያለ ነጭ ሴል የተቀባዩ ሰውነት ሳይነቃበት ዘልቆ ሊያጠቃው ስለሚችል፣ ከዘመድ የመጣ ደም በጨረር ሳይታከም አይሰጥም። ባል ደግሞ ገና ልጅ ለምትወልድ ሚስቱ ባይሰጥ ይመረጣል፤ ለእሱ ደም የተነሳው ተዋጊ ነገ በልጃቸው ላይ ይነሳል። ወንድምም ባልም ለባንኩ ይስጡ፣ በሽተኛው የማያውቀውን ሰው ደም ይውሰድ።

ሰባተኛ፦ ደሙ ሲሰቀል

ከረጢቱ ሲመጣ ሁለት ባለሙያዎች ተያይተው የከረጢቱን ቁጥርና ዓይነት ከእጅ አምባርዎ ጋር ሲያመሳክሩ ማየት አለብዎት። አንድ ሰው ብቻ መጥቶ ሊሰቅል ከሆነ ስምዎንና ቁጥርዎን ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ሳይወድም ያያል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ደም በ30 ደቂቃ ውስጥ መጀመር፣ በአራት ሰዓት ማለቅ አለበት። አስታማሚ እሳት ላይ ወይም ፀሐይ ላይ አሙቆ አይስጥ።

አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ነው። ያን ጊዜ አይተኙ፣ አስታማሚም አይውጣ። ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወገብዎን ወይም መርፌው የገባበትን ክንድ ካመመዎ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ሰውነትዎን ካሳከከዎት፣ ሽንትዎ ከቀላ፣ ወይም ምክንያቱን ሳያውቁ ልሞት ነው የሚል ፍርሃት ከያዘዎት ወዲያው ይጥሩ። «ወቅፊ አድ-ደም» ማለት ደሙን አቁሚው ነው፤ ነርሷ ፊሊፒንም ሆነች ሕንድ «ስቶፕ» ትሰማለች። «ዘህሪ ዩወጅዕኒ» ወገቤን አመመኝ ነው። ያለ አግባብ ካስቆሙ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ነው። የማይስማማ ደም ሲሆን ግን የገባው ጥቂት ጠብታና የገባው ሙሉ ከረጢት በኩላሊት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት የተለያየ ነው። ከረጢቱን እንዳይጥሉት፣ ላቦራቶሪው ይፈልገዋል።

ስምንተኛ፦ ወደ አገር ሲመለሱ

ደም ወስደው ከነበረ ቀኑን፣ የከረጢቱን ብዛትና የደም ዓይነትዎን የያዘ ወረቀት ከመውጣትዎ በፊት ይጠይቁ። በድንገት ተይዘው ለሚመለሱ ይህ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ እንግዲያው ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ለዘመድ አስቀድመው ይላኩ። አገር ቤት የደም ባንክ ሥራ በ1969 እ.ኤ.አ. በቀይ መስቀል ተጀምሮ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ መንግሥት ተላልፏል፤ ለመለገስ ከፈለጉ ደም ከተቀበሉ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠብቃሉ። «አንቲቦዲ አለብዎት»፣ ቀደም ሲል ተዋጊ ያልነው ማለት ነው፣ ተብለው ከነበረ ደግሞ ያን ቃል የያዘውን ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ያኑሩና አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ቢታከሙ በመጀመሪያው ቀን ያሳዩት። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚስማማ ደም መፈለግ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ላቦራቶሪው ነገሩን ቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ከሚሰማው ከሳምንት በፊት ቢሰማው ይሻላል።